ስለ ሰረገላና በውስጡ ስላለው ባዶ ወንበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አይደለም። ስለ መኪና ነው፤ ይኸውም ስለ ማናቸውም መኪና ሳይሆን፣ ቁመቱ ትልቅ፣ ወንበሩ ብዙ፣ ዋጋውም እጅግ ውድ ስለ ሆነው፣ ያገራችን ሰው ቪ8 እያለ ስለሚጠራው ላንድክሩዘርና ስለ መሰሎቹ ነው። ምናልባት አንዳንዱ አድማጭ «እኔ ብስክሌት እንኳ የለኝምና ይህ ነገር አይመለከተኝም» ብሎ ራዲዮኑን ሊዘጋ ያስብ ይሆናል። ጥቂት ይታገሠን። መኪና የሌለውም ሰው በመኪና መንገድ ዳር ይቆማልና ጉዳዩ የሁለቱም ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ አስኮን አልፎ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር አለ። ይህ ስም ከአንድ የፈረንሳይኛ አነጋገር ጋር በድምፅ አንድ ነው፤ በዚያ ቋንቋ «ሳን ሱሲ» ማለት «ያለ አሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። የፕሩስያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. ከ1745 እስከ 1747 በፖትስዳም ያሠራውን ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል፤ የመንግሥቱን አሳብ ወደ ኋላው ትቶ የሚያርፍበት ቤት እንዲሆነው ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ቤቱ ከተሠራ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1756 የተጀመረውና ሰባት ዓመት የፈጀው ጦርነት ንጉሡን ከጦር ሜዳ ወደ ጦር ሜዳ ሲያንከራትተው ኖረ። ስሙ በበሩ ላይ ተጽፎ ቀረ እንጂ አሳቡስ ከንጉሡ ጋር አብሮ ሄደ።

በእኛው ሳንሱሲም ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ አሳብ የሌለበትን ሰው ለማግኘት ያስቸግራል። ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጕልት ነጋዴዋ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ ታክሲ ይጠብቃል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አስኮን፣ ጳውሎስን፣ መርካቶን ይጣራል፤ አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ሲሄድ የሰልፉ ርዝመት የቀነሰ አይመስልም። በክረምት ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች ነው። በዚህ መካከል ያ ትልቁ መኪና ይመጣል። የተሠራው ሰባት ስምንት ሰው ሊይዝ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን አንድ ሰው ነው። መስተዋቱ ስለ ጠቆረ ያ አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ እንኳ አይታይም። በመንገዱ ላይ የተኛውን ውኃ በጎማው ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ኪዳን ለማድረስ ነጠላዋን አጣፍታ የወጣች እናት ከወገቧ በታች ጭቃ ትለብሳለች። እርሷ ወደ ቤቷ ትመለስ ወይስ እንዲሁ ቤተ ክርስቲያን ትግባ ብላ ስታመነታ መኪናው ብዙ ርቋል፤ በውስጡ ያለውም ሰው የሆነውን አላወቀም።

ይህን ስናነሣ ባለጸጋውን ለመክሰስ አይደለም። አብርሃም ባለጸጋ ነበረ፤ ኢዮብም ከፈተናው አስቀድሞም ሆነ ከፈተናው በኋላ ባለ ብዙ ከብት ነበረ። ዛሬ ትልቅ መኪና ከሚነዱት ሰዎች መካከል ሃያና ሠላሳ ዓመት ለፍቶ፣ ብዙ ሠራተኛ ቀጥሮ እያሳደረ፣ ላቡን ጠርጎ የገዛ አለ። እንደዚህ ያለውን ሰው በመኪናው ምክንያት ብቻ ማማት ቅንዓት እንጂ ጽድቅ አይባልም።

መኪናውም ራሱ በደል የለበትም። አመጣጡን ብናይ ለችግር ጊዜ የተሠራ ዕቃ ነው። ቶዮታ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ጕልበቱን ያስመሰከረው በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣት ነበር። ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ሲሆን ትርጕሙ በየብስ ላይ የሚጓዝ መርከብ እንደ ማለት ነው። በአገራችንም ሐኪሙንና ክትባቱን፣ መንገድ ቀያሹንና የርዳታ ሠራተኛውን ጭኖ፣ ሌላ መኪና በማይደፍረው ቆላና ደጋ ሲመላለስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 200 የተባለው ዓይነት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ይዞ ሲመጣ ግን ከጕልበቱ ይልቅ ክብሩ ይወራለት ጀመር። የሞተሩ መለያ የመኪናው ስም ሆነ፤ ቆይቶም የሹመትና የሀብት ምልክት ሆነ። በ2021 የተከተለው 300 የተባለው ዓይነት ወደ ስድስት ሲሊንደር ተመልሷል፤ ቪ8 የሚለው ስም ግን ከሰው አፍ አልወረደም።

እንግዲህ የባለቤቱ አሳብ ከግዢው ይጀምራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ፣ ሞተሩ ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ የቪ8 የናፍጣ ሞተር ደግሞ 4500 ሲሲ ያህል ነው። የጉምሩኩ ቀረጥና ሌላው ታክስ በዚህ ላይ ሲደራረብ መኪናው ከተሠራበት አገር ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገባ ነበር። ከዚያም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የነዳጅን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫውም ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጣ። ስለዚህ ቪ8 ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ ይይዛል፤ አንድ ጊዜ እየጠገነ፣ አንድ ጊዜም መልኩን እየለወጠ ይኖራል።

ሌሊት ውሻ ሲጮኽ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው። ስፖኪዮው ተነቅሎ እንዳይወሰድ የሰሌዳውን ቍጥር ያስፈለፍልበታል፤ ያም አላስተማምን ሲለው በብረት ያሳስረዋል። የተሰረቀውን የገዛ ዕቃውን መልሶ ለመግዛት ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ስለ ሄደ ሰው የሚወራውን በከተማው ያልሰማ የለም። በዚያ በሐቀኝነት የሚነግድ ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ወሬው ሁሉንም አይመለከትም። ሆኖም ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ስፖኪዮ አግኝቶ ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው፣ በዚያች ሌሊት ከሌላው ሰው መኪና ላይ እንዲነቀል ያዘዘ ያህል መሆኑን ይወቅ። ሌባውን በደጃፉ የሚፈራው ሰው ራሱ የሌባው ደንበኛ ሆኖ ሲገኝ ምን ይባላል?

ስለ ጥገና ግን ነገሩን አቃልለን አናልፈውም። መኪናን መንከባከብ ከንቱ ዓለማዊነት ነው የሚል ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አንስማማም። ይህ መኪና ሰውና ዕቃ ሳይጫንበት 2600 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እርሱን ለማቆም ፍሬኑ የሚሠራው ሥራ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ውስጥ እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ ያረጀውም ዘይት በረጅም ቍልቍለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ከእግር በታች ባዶ ሆኖ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ ሲወረድ ከላይኛው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ዝቅታ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ቍልቍለት በከባድ ማርሽ ሳይይዝ፣ ፍሬኑን ሳያነሣ እየረገጠ የሚወርድ ሰው፣ ሞተሩ የቱን ያህል ብርቱ ቢሆን አያድነውም። ብርታቱ ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይደለምና።

የናፍጣው ማጣሪያ በጊዜው ካልተለወጠ ውኃውና ዝቃጩ እስከ መርፌዎቹ ይደርሳል፤ የአየሩ ፊልትሮ ከቦታው ትንሽ ከተዛነፈም የገጠሩ አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ይህን ሁሉ ጋራዥ ያለ ሰው ከእኛ አብልጦ ያውቀዋል። እኛ የምንለው፣ ብዙ ባለ መኪና በየሳምንቱ ላቫጆ ወስዶ እያሳጠበ፣ ወንበሩን በቆዳ እያሳደሰ፣ የፍሬኑን ሸራ ግን «ለሚቀጥለው ወር ይድረስ» ሲል እንሰማለን ነው። የቀለሙን ማማር መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ የፍሬኑን ሸራ ውፍረት ግን መካኒኩና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው የሚያዩት። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት የሚበልጡት እግረኞች ናቸው። ስለዚህ የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ዕዳው የሚወድቀው አስቀድሞ በመንገድ ተሻጋሪው ላይ ነው፤ ያም ሰው መኪናውን ገዝቶ አያውቅም፤ የጥገናውን ወጪ ለማዳን ሲወሰንም አልተጠየቀም።

ከመኪናው በታች ስለሚተኛው ልጅም ጥቂት እንናገር። በየጋራዡ ዕድሜው ገና ያልጸና፣ እጁና ፊቱ በግሪስ የጠቆረ ረዳት አለ። ባለቤቱ ቸኩሏልና መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ፣ ከሥሩ የብረት መደገፊያ ሳይደረግለት፣ ልጁ ከዚያ ክብደት በታች ይገባል። ክሪክ ለማንሣት የተሠራ ነው፤ ለመደገፍ አልተሠራም፤ ዘይቱ ሊያፈስስ፣ እግሩም ሊንሸራተት ይችላል። ባለ መኪናው «መደገፊያው የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠፋበት ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው። ደግሞም ለመለዋወጫው ብዙ ሺህ ብር ሳያመነታ ቈጥሮ ከፍሎ፣ የእጅ ዋጋው ላይ ሲደርስ ተከራክሮ የሚያስቀንስ፣ ወይም «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወር የሚያሳድር ሰው አለ። የሠራተኛን ደመወዝ አሳድሮ ፀሐይ እንዳይገባበት ገና በኦሪት ዘመን ታዟል፤ የታዘዘበትም ምክንያት ድኻው ነፍሱን በዚያች ደመወዝ ላይ ጥሎ ስለሚውል ነው። ለመኪናው ዘይት በቀኑ የሚለውጥ ሰው ለልጁም በቀኑ ይክፈለው።

አዲስ መኪና የገዙ ምእመናን ካህን ጠርተው ጠበል ያስረጫሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ስለ መንገደኞች ትጸልያለች። ነገር ግን ጠበሉ የተረጨው ሕግን ለመተላለፍ ፈቃድ ሆኖ አይደለም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ጠበል ቢረጭበትም በዝናብ ይንሸራተታል። በውስጥ መስተዋቱ ላይ መስቀል አንጠልጥሎ፣ በኋላው መስተዋት ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፎ፣ በእግረኛ መሻገሪያ ላይ አሮጊት እየተሻገሩ ሳለ ክላክስ የሚያስጮኽ ሰው ስናይ፣ በዚያ መስቀል ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዴት ልቡ እንደ ቻለ እንደነቃለን።

አሁን ደግሞ ሰው ሞዲፊክ ወደሚለው፣ መልክንና ቁመትን ወደ መለወጡ ሥራ እንምጣ። በዚህ ሥራ የአገራችን ባለ እጆች ብልኀታቸው የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. የ2008ን ላንድክሩዘር ፊቱን ፈትተው፣ የ2016ን መብራት፣ ፓራውልትና የፊት ፍርግርግ አልብሰው፣ ቀለሙን አድሰው ሲያወጡት አዋቂ ሰው ካልቀረበ በቀር አይለየውም። በገዛ መኪናው ላይ ይህን ያሠራ ሰው ኀጢአት ሠራ አንልም፤ አሮጌ ቤቱን እንደሚያስለስን ሰው ነው። ነገር ግን ያንኑ መኪና «አዲስ ዓይነት ነው» ብሎ፣ ሊብሬውን ሸፋፍኖ ለማያውቅ ገዢ የሚሸጥ ከሆነ፣ ሥራው በሐሰተኛ ሚዛን ከሚነግድ ነጋዴ ሥራ አይለይም። ሻጩ ዓመቱን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና የተለወጠውን ነገር በግልጽ ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው የሁለቱ ስምምነት ነው።

የሚያሳስበን ግን ከመልኩ ይልቅ ቁመቱ ነው። ሞላውንና አሞርዛቶሪውን በረጅም ለውጦ፣ ቸርኬና ጎማውን በትልቅ ተክቶ መኪናውን ከፋብሪካው ቁመት በላይ ማስነሣት በከተማችን እየተለመደ ነው። በየጊዜው ወደ ገጠር እየወጣ በድንጋይና በጅረት ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያደርግ ምክንያት አለው፤ ያለ ምክንያት አንፈርድበትም። ከሳንሱሲ እስከ ፒያሳ በአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ግን ምን ይጠቅመዋል? መኪናው ከፍ ባለ መጠን ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣና በኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ጎማው ከፋብሪካው ሲተልቅ የፍጥነት መቍጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፤ ነጂው 60 የሄደ እየመሰለው ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ በመኪናው አፍንጫ ፊት ለነጂው የማይታየው ስፍራ ይሰፋል። በዚያ ስፍራ የሚቆመው የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም የባለቤቱ የገዛ ልጅ ነው፤ አባቱ ሊወጣ ሲል በግቢው ውስጥ እየሮጠ የሚሸኘው እርሱ ነውና። ስለዚህ ቁመቱን ያስነሣ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወርዶ በመኪናው ዙሪያ አንድ ጊዜ ይመልከት።

ከፊት የሚታሰረው ወፍራም ብረትም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው የመኪናውን ፊት ሰው ቢመታ እንዲተጣጠፍና ምቱን እንዲያለዝብ አስቦ ይሠራዋል፤ ብረቱ ግን አይተጣጠፍም። የመኪናውን መብራት ከመሰበር ያድናል፤ የሰውን አጥንት ግን አያድንም። በጣራው ላይ የሚደረደረው ኀይለኛ መብራት በጨለማ ሜዳ ለሚሄድ ይጠቅማል፤ በከተማ መንገድ ላይ ሲበራ ግን ከፊት ለፊት የሚመጣውን የባጃጅ ነጂ ዐይን ያሳውራል። ማርሚታውን አስከፍቶ በእኩለ ሌሊት እያስጓራ በሰፈር የሚያልፈው ደግሞ በሽተኛውንና አራሷን ይቀሰቅሳል፤ ይህን ያህል ከባድ በደል ባይሆንም ጨዋ ያሳደገው ሰው የሚያደርገው አይደለም።

ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስለን። ከ1600 ዓመት በፊት በቀጰዶቅያ፣ በዛሬይቱ ቱርክ አገር፣ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ታላቁ ባስልዮስ ለባለጸጎች ባስተማረው ትምህርት ስለ ሰረገሎቻቸው በዝርዝር ተናግሮ ነበር። ዕቃ የሚጭነው ሰረገላ ሌላ፣ ራሳቸው የሚቀመጡበት ሌላ፣ ያም በናስና በብር የተለበጠ መሆኑን፤ ፈረሶቻቸውም እንደ መኳንንት የዘር ሐረግ የሚቈጠርላቸው መሆናቸውን ገልጾ ወቅሷቸዋል። የዘመናችን ሰው የመኪናውን ዓይነትና ዓመት፣ የሞተሩንም ቍጥር እንደሚያጠና ማለት ነው። ባስልዮስ ግን በወቀሳ ብቻ አልቀረም። በከተማይቱ አጠገብ ለድኾች፣ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ አሠራ፤ በረኃብ ዘመንም የገዛ ሀብቱን አውጥቶ የተራበውን መገበ። ስለዚህ ስለ ሰረገላ የተናገረው ቃል ተሰሚነት አገኘ። እኛም የምንናገር ሰዎች ይህን አንርሳ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበን የሌላ ሰረገላ ታሪክ አለ፤ እርሱም በግብረ ሐዋርያት በ8ኛው ምዕራፍ ይገኛል። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ፣ አባቶቻችን ባኮስ የሚሉት፣ በኢየሩሳሌም ሰግዶ በጋዛ ምድረ በዳ መንገድ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበረ። ዛሬ ቢሆን የገንዘብ ሚኒስትር እንለው ነበር። የተቀመጠበትም ሰረገላ እንደ ማዕርጉ ያማረ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። በሰረገላው ላይ ሆኖ መጽሐፍ ያነባል። በዚያ ሰው በሌለበት መንገድ አንድ እግረኛ ወደ ሰረገላው እየሮጠ መጣ። እግሩ አቧራ የለበሰ፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ነበረ፤ ስሙ ፊልጶስ ነው።

እስቲ ጃንደረባውን በዘመናችን ሰው ዐይን እንየው። ለመፍራት ምክንያት ነበረው፤ የንግሥት ባለ ሙሉ ሥልጣን ነውና። ሾፌሩን «ፈጠን በል» ቢለው ማንም አይፈርድበትም ነበር። ለመናቅም ምክንያት ነበረው፤ እግረኛው የሚያነበውን ነገር ያስተውል እንደ ሆነ በድፍረት ጠየቀው፤ ይህን ጥያቄ ከእግረኛ አፍ መስማት ለባለ ማዕርግ ሰው ከባድ ነው። እርሱ ግን አልፈራም፤ አልናቀምም። የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ፤ ወጥቶም ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ እግረኛውን ለመነው። ልብ በሉ፤ እግረኛው አልለመነም፤ የለመነው ባለ ሰረገላው ነው። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ውኃ ባገኙ ጊዜም ሰረገላው እንዲቆም አዘዘ፤ ከዚያም ሁለቱም ወረዱ፤ ተጠመቀም። ቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ብርሃን ወደ አገራችን የገባበትን ታሪክ ስትናገር ይህን ሰው በመጀመሪያ ታነሣዋለች። በዚያን ቀን በዚያ ሰረገላ ላይ ባዶው ወንበር ባዶ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባኮስ መጽሐፉን ሳያስተውለው አገሩ ይገባ ነበር።

«ዘመኑ ግን ክፉ ነው፤ የማላውቀውን ሰው ጭኜ ብዘረፍስ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ፍርሃቱን አናቃልለውም፤ በሌሊት የማይታወቅ ሰው ጫኑ ብለንም አንመክርም። ነገር ግን በሳንሱሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙት ሁሉ የማይታወቁ ናቸውን? ሦስተኛዋ ቤት ያሉት መምህር፣ ከልጅህ ጋር የሚማረው የጎረቤትህ ልጅ፣ በእድር አብራችሁ የምትቀበሩት ሽማግሌ በዚያው ሰልፍ ላይ ቆመዋል። መስተዋቱ ቢጠቁርም ከውስጥ ወደ ውጭ ያሳያልና አንተ ታያቸዋለህ፤ የማያዩህ እነርሱ ናቸው። «የወንበሩ ቆዳ በጭቃ ይቆሽሻል» የሚልም ይኖራል። በላቫጆ ይታጠባል፤ ለዚህ ለዚህማ በየሳምንቱ ትሄድ የለም? ገንዘብ ተቀብሎ መጫን ግን የታክሲ ሥራ ነውና ሕጉ አይፈቅድም፤ እኛም ይህን አላልንም።

ደግሞ ስለ ሌሊት አንድ ነገር እንጨምር። በከተማው ዳር ባለ ሰፈር በእኩለ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ የሚደርሰውን መከራ ያየው ያውቀዋል። ታክሲው አቁሟል፤ የተጠራው አምቡላንስ ሌላ ዘንድ ሄዶ ይሆናል፤ ከሳንሱሲ በአስኮና በዊንጌት አድርጎ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው መንገድ በቀን አጭር ሲመስል በዚያች ሰዓት እጅግ ይረዝማል። ባልየው መንገድ ላይ ወጥቶ ያገኘውን መብራት ሁሉ በእጁ ለማስቆም ይሞክራል። በዚያው ሰዓት፣ ሁለት አጥር ብቻ ተሻግሮ፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ ዘጠና ሊትር ናፍጣ የሚይዝ፣ ጎርፍና ድንጋይ የማያቆመው መኪና ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢያንኳኩበት ተነሥቶ ያደርሳት ነበር። ነገር ግን በሩ ትልቅ ነው፤ ዘበኛው አያውቃቸውም፤ ውሻውም አለ። ቀድሞ ተነጋግሮበት የማያውቀውን ነገር ሰው በዚያች ሰዓት ደፍሮ አያንኳኳም።

ስለዚህ እድር ያላችሁ ባለ መኪኖች፣ እድራችሁ በሚሰበሰብበት በሚመጣው ቀን ተነሡና ስልካችሁን በጸሐፊው መዝገብ ላይ አስጽፉ፤ በምን ሰዓት ቢደወል እንደምትነሡም ተናገሩ። ሦስት ወይም አራት ሰው ከተገኘ በሳምንት በሳምንት ተራ ይግቡ፤ የናፍጣውን ወጪ እድሩ ከፈቀደ ይካፈለው። ለዘበኛው የሚያንኳኩትን ሰዎች ስም ንገሩት። እኛ የምናውቀው አብዛኛው ሰው የዚህን መኪና ሁለቱን የኋላ ወንበሮች አጣጥፎ፣ በስፍራው ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ጭኖ ነው የሚሄድ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ዕቃውን አውርዱና ወንበሮቹን ዘርጉዋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።